የኮምብስ ሣር

ሰኞ፣ ኦክቶበር 9 ቀን 1978

ጻፊ። እኔ ሉሽየስ ፔትዌይ ነኝ። ሰባ ዓመቴ ነው። አላባማ ተወልጄ ካርዌል ከተማ፣ ኦሃዮ ወንዝ ዳር ያረጀሁ ሰው ነኝ። የፌሪሜን ቤዝቦል ክለብን ሜዳ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የያዝኩት እኔ ነኝ። ሣሩ የኔ ነው፣ አፈሩ የኔ ነው፣ ወርዋሪው የሚቆምባት ጉብታም የኔ ናት። ክለቡ ብቻ ነው የነሱ።

ፊደል አልቆጠርኩም። እሱንም ጻፊው፤ ደብተሩ ከዚህ ወጥ ቤት አይወጣም። ክለቡ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሰው የለም። ወረቀት ሲሰጡኝ መነጽሬን ረስቻለሁ እላለሁ፤ ረዳቴ ክሊተስ ደግሞ የራሱን ድምፅ መስማት ስለሚወድ ሳይጠየቅ ያነበዋል። ሃያ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ አልፏል።

የምትጽፍልኝ ሚስ ቨርኒል ናት፤ የቤተ ክርስቲያናችን ጸሐፊ፣ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው። አትሳቂ፣ ጻፊ።

ይህን ደብተር የጀመርኩት እንዲያው አይደለም። ትናንት አሰልጣኙን ባክ ኦግልስቢን አባረሩት። «አስቀድመን ነግረንህ ነበር» አሉት። ባክ አልነገሩኝም አለ። ማን ያምነዋል? ቀኑን ጽፎ የያዘለት የለም። የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ሚስተር ስትሮድ ሊያባርር ሲነሳ ሁሉንም ያጸዳል፤ ከባክ ቀጥሎ ያለው ዕቃ እኔ ነኝ። ስለዚህ የሚሉኝን በቀን በቀኑ አስይዛለሁ። ወጥመድ ነው። አይጧ ስትመጣ እናያለን።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 14

ሚስ ቨርኒል «ሣር አጫጅ የክለቡን ምስጢር ከየት ያውቃል?» አለችኝ። ልንገራት።

ቢሮው ለጋዜጣ ከመናገሩ በፊት ለአፈሩ ይናገራል። ፈጣን ሯጭ ሊያመጡ ሲሆን ወደ መጀመሪያው ቤዝ፣ ሯጭ ወደሚረግጣት ትራስ፣ የሚወስደውን መንገድ አጠንክረው ይሉኛል። ሯጩን ሊሸጡት ሲሆን ውኃ አጠጣው ይሉኛል። የመስመሩን ዳር በአንድ ጣት ወደ ውስጥ አዘንብለው ካሉኝ፣ ኳሷን ነካ አድርጎ የሚሮጥ ሰው እየመጣ ነው፤ ኳሷ ተንከባልላ ከመስመር እንዳትወጣበት። ከሰባት ዓመት በፊት ሦስት ሰው እንደሚሸጥ በዚህ አውቄ ለባክ ነግሬው ነበር። «አንተ ሽማግሌ ጠንቋይ ነህ» አለኝ። ጠንቋይ አይደለሁም። እነሱ ወረቀት ያነባሉ፣ እኔ መሬት አነባለሁ። መሬት አይዋሽም።

አሁን ስለ ኮምብስ ጻፊ።

ዴልበርት ኮምብስ ወርዋሪያችን ነው። ከኬንታኪ ተራሮች የወረደ የከሰል ቆፋሪ ልጅ፣ ነጭ፣ ሠላሳ አራት ዓመቱ። ፍጥነት የለውም። የሱ ኳስ ዱላ የያዘው መቺ ዘንድ ስትደርስ ትሰምጣለች፤ መቺው ከላይ ይመታትና መሬት ትጋጫለች። ያኔ ተራው የኔ ነው። ሣሩ በሌባ ጣቴ ሁለተኛው አንጓ ድረስ ከሆነ ኳሷ ትታነቃለች፤ ልጆቻችን ደርሰው ያነሷታል። አጭር ከሆነ በመካከላቸው ሾልካ ትሄዳለች። በሌሎች ሰዎች ሜዳ ኮምብስ ተራ ሰው ነው። በኔ ሣር ላይ ግን ንጉሥ ነው። እሱም ያውቃል።

ከክለቡ ነጮች «ሚስተር ፔትዌይ» የሚለኝ እሱ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ሉሽየስ ነው የሚለኝ፤ ልጄ የሚሆነውም፣ የልጅ ልጄ የሚሆነውም። ኮምብስ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከጨዋታ በኋላ ዕቃ ቤቴ እየመጣ ባልዲ ገልብጦ ይቀመጣል። ብዙ አያወራም። ጥሩ ሰው ነው።

ውሉ በዚህ ወር ያልቃል። በአዲሱ ሕግ ውሉን የጨረሰ ተጫዋች «ነፃ ወጣ» ይባላል፤ የፈለገው ክለብ ይጫረትበታል። አያቴም ከባርነት ነፃ ወጥቶ ነበር። ማንም አልተጫረተበትም።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 25

ያልኩት ደረሰ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚቆመው ባርክስዴል እሱም ውሉን ጨርሷል። ወደ ኋላ ርቆ መቆም ስለሚወድ የአፈሩን ጠርዝ ሁለት እርምጃ አስፍቼለት ነበር። ባለፈው ሐሙስ ስትሮድ መጥቶ «ሉሽየስ፣ ያንን ጠርዝ ወደ ድሮው መልሰው» አለኝ። በልቤ፣ ባርክስዴል ሄደ አልኩ። ቅዳሜ ፀጉር ቤት ስለ ባርክስዴል የማያውቁትን ሲዘባርቁ ብሰማ፣ ዝም ለማሰኘት ያህል ነገሩን ነገርኳቸው። ትናንት ጋዜጣ ላይ ወጣ።

ስትሮድ ዛሬ እንደ ተቃጠለ ድስት ነበር። «እዚህ ግቢ ውስጥ አፉ የላላ ሰው አለ» እያለ በረንዳው ላይ ይመላለሳል። «በባርክስዴል ቦታ ሊፈርም የነበረው ልጅ በጋዜጣ ምክንያት ዋጋውን ሰቀለብኝ» ይላል።

እኔ ክሊተስን ጠርጥሬዋለሁ። ከትናንት ወዲያ ከአንድ ጋዜጠኛ ጋር ሲጋራ ሲለኩስ አይቼዋለሁ። አርባ ሁለት ዓመቱ ነው፣ የኔን ቦታ ይፈልጋል። ከዛሬ ጀምሮ ምንም ነገር አላሳየውም።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 3

ሚስ ቨርኒል የመዘምራን ልምምድ አለባት። ባጭሩ።

ለአሰልጣኝነት የታጨ ሰው መጣ። ቪክ ማሮታ። አጭር፣ ጥቁር መነጽር፣ የተወለወለ ጫማ። በዚያ ጫማ ሣሬ ላይ ወጣ። ከኪሱ ኳስ አውጥቶ በደረቱ ትክክል ለቀቃት። ተንበርክኮ አያት። ደግሞ ለቀቃት። ሦስት ጊዜ።

«ቁመቱ ስንት ነው?» አለኝ።

«በቂ ነው» አልኩት።

ሳቀ። ለስትሮድ በጆሮው አንድ ነገር ነገረው። ሁለቱም ወደኔ አዩ።

የሰውየው ድሮ ክለብ በሩጫ የታወቀ ነው። ሯጭ የሚወድ ሰው ረጅም ሣር ይጠላል። ረጅም ሣር ከተጠላ ኮምብስ ተጠላ። ይህን የማይገባው ሕፃን ነው።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 8

ማሮታን ቀጠሩት። አልኩሽ አይደል? ጻፊ፤ ብዬ ነበር ብለሽ ጻፊ።

ሁለት ሰዎች ባለ ሦስት እግር መነጽር ተክለው ሜዳዬን ሲለኩ ዋሉ። ውስጠኛው ሣር ላይ ቀይ ጨርቅ ያሰሩበት ችካል ቸከሉ፤ ሃያ ሁለት ችካል። ምን እየሠራችሁ ነው ስላቸው «ቢሮውን ጠይቅ፣ አያቴ» አሉኝ። አያታቸው አይደለሁም።

በሌሎች ከተሞች ሣሩን ነቅለው አረንጓዴ ምንጣፍ አንጥፈዋል። ፕላስቲክ። አጫጅ አይፈልግም፣ ውኃ አይጠጣም፣ ጥራጊውን በመጥረጊያ ያነሱታል። ኳሷ እላዩ ላይ እንደ ጥይት ነው የምትሄደው። ኮምብስ ምንጣፍ ላይ ሲወረውር አይቼዋለሁ። ባላየሁት።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 13

ዛሬ የሆነውን በደንብ ያዢልኝ፤ ይህ ቀን ያስፈልገናል።

ስትሮድ ቢሮው ጠራኝ። በሩን ዘጋ። በሃያ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ በር ተዘግቶብኝ አያውቅም። መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ፣ የታሸገ ፖስታ ሰጠኝ።

«ሉሽየስ፣ የውስጡን ሣር በሙሉ ንቀለው። በዚህ ሳምንት» አለኝ።

«በሙሉ?»

«በሙሉ። ምክንያቱና የምጠይቅህ ነገር እዚህ ላይ ተጽፏል። እኔ ከዚህ በላይ በአፌ አልናገርም፤ በዚህ ቤት ግድግዳው ጆሮ ብቻ ሳይሆን ምላስም አብቅሏል። አንብበህ ቅደደው። ለክሊተስ እንኳ አታሳየው።»

«እሺ ጌታዬ» አልኩ።

ፖስታውን ኪሴ ከተትኩት። ዕቃ ቤት ገብቼ የሣር ዘር የማስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከዘሩ ሥር ቀበርኩት።

ሚስ ቨርኒል ብዕሩን አስቀምጣ «አምጣውና ላንብብልህ» እያለችኝ ነው። አላመጣም። ምን እንዳለበት አውቀዋለሁ። ሰውን በወረቀት የሚያሰናብቱት ዓይኑን ማየት ሲያፍሩ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት አመሰግናለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ቁልፉን አስረክብ። እሷ ስታነበው ደግሞ በዚያ በጸሎት ድምፅዋ ነው የምታነበው። አልፈልግም።

«ያልከፈትከውን ፖስታ እንዴት ታውቀዋለህ፣ ወንድም ፔትዌይ?»

ሣሬን ንቀል አለኝ እኮ። ከዚያ በላይ ምን ይጻፋል?

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 16

ግማሹን ነቀልን። እንደ ምንጣፍ ይጠቀለላል። ጥሩ ሥር ነበረው።

ስትሮድ በበረንዳው አልፎ «አነበብከው?» አለኝ።

«አንብቤዋለሁ።»

«የጠየቅሁህን ታደርጋለህ?»

«የታዘዝኩትን ሳላደርግ ቀርቼ አውቃለሁ?»

ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ። እጁ የከበደ ነበር። ይሁዳም እንዲያ ነው።

ክሊተስ «ምን ነበር ያነበብከው?» አለኝ። ሣሩን መጠቅለሌን ቀጠልኩ። «አቤት፣ ዛሬ መነጽርህን ይዘሃል ማለት ነው» አለ። ይህች ነገር ከየት መጣች? ምን ያውቃል?

እሑድ፣ ኖቬምበር 19

ትናንት ፀጉር ቤት ስገባ ወንበሩ ላይ ያለው ሰውዬ «ሣሩን ነቅለው ምንጣፍ ሊያነጥፉ ነው አሉ፤ ኮምብስም አበቃለት» ይላል። ይህን ከዚህ ወጥ ቤት ውጭ የት ነው የተናገርኩት? ዛሬ ሚስ ቨርኒልን ፊት ለፊት ጠየቅኋት። የጠየቅኋትንም ጻፊ አልኳት፤ እየጻፈች ነው፤ ከንፈሯ ቀጥኗል።

«ወንድም ፔትዌይ፣ ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ የት ነበርክ?»

«ፀጉሬን ልስተካከል።»

«ፀጉርህን ነው ያልከው? አንድ እፍኝ እንኳ አይሞላም። በየሳምንቱ ምን ያስተካክልልሃል? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ ላንተ ደግሞ አፍህም ባዳ ነው።»

እሱ ሌላ ነገር ነው። እኔ ስናገር ሰዎቹን ለማስተማር ነው። እሷ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ማኅበር አላት፤ በየማክሰኞው ኬክ ይበላሉ፤ ኬክ እየተበላ ዝም የሚል ሰው የለም።

ይህን ጻፊና ደብተሩን ስጪኝ፤ ይዤው እሄዳለሁ።

ዓርብ፣ ዲሴምበር 1

አሥራ ሁለት ቀን አልተጻፈም። ደብተሩን ራሴ ጠብቄዋለሁ። ገጹን ስከፍት ሁሉም መስመር አንድ ዓይነት ነው፤ የጉንዳን መንገድ። ሰው ሁሉ ከዘመዱ ጋር በሚበላበት በምስጋና ቀን በዓል ብቻዬን የበቆሎ ዳቦ በላሁ። ማታ በሩ ሥር በፎጣ የተሸፈነ ሳህን ተቀምጦ አገኘሁ፤ የቱርክ ዶሮ፣ ጎመን፣ ስኳር ድንች። አላንኳኳችም።

ሳህኑን ልመልስ ስሄድ ደብተሩንም ይዤ ሄድኩ። «ልትጽፊ ከፈለግሽ» አልኳት። «እኔ ወሬኛዋ?» አለች። ወንበር ግን ሳበችልኝ።

ይቅርታ አልጠየቅሁም። እሱን አትጻፊው። ጻፍሽው አይደል?

ዛሬ ውስጠኛው ሜዳ ባዶ ነው። እንደ ተሸለተ በግ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማንም መጥቶ «ቀጥሎ ይህ ነው» አላለኝም። ስትሮድ በመስኮት ያየኛል። የሆነ ነገር እንድለው የሚጠብቅ ይመስላል። ሰው አባሮ መልካም ቃል ይጠብቃል።

እሑድ፣ ዲሴምበር 3

ረጅም ነው የምናገረው፣ ብዕርሽን ሙዪ።

ትናንት ኮምብስ መጣ። ተራራ ላይ ከታደነ አጋዘን የተሠራ ቋሊማ በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ባልዲዋን ገልብጦ ተቀመጠ። ትንሽ ከስቷል።

«ሚስተር ፔትዌይ» አለኝ፣ «የካሊፎርኒያ ሰዎች እስከ ማክሰኞ መልስ ስጥ ብለውኛል። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ይይዛሉ። ስትሮድ ስደውልለት ትንሽ ታገሥ ይለኛል። እስከ መቼ ስለው አይናገርም። ለምን ስለው አይናገርም።»

«አንተ ምን ትላለህ?»

«ሚስቴ እዚህ መቅረት ነው የምትፈልገው። ልጆቹም። እኔም። ግን ካጣሁት ሌላ የሚወስደኝ የለም፤ ሠላሳ አራት ነኝ። እርስዎ ምን አይተዋል? እርስዎ ከነሱ በፊት ነው የሚያውቁት።»

እውነቱን ልናገር፤ ይህችን ሲለኝ ደስ አለኝ። ዘጠኝ ዓመት ከዚያ ባልዲ ላይ ሆኖ አንድም ነገር ጠይቆኝ አያውቅም።

ተነሳ አልኩት። ይዤው ወጣሁ። ሜዳው አፋፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። ባርኔጣውን አወለቀ።

«ሣሬን» አለ።

«እኔው ነኝ የነቀልኩት። ታዝዤ።»

ገብቶ መሀል ላይ ተንበረከከ፣ አፈር ዘገነ፣ አፈሰሰው። «ምንጣፍ ነው የሚሉት እውነት ነው?»

«ችካሉን አታይም? አሰልጣኙ ኳስ እየለቀቀ ሲለካ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ስትሮድ በሩን ዘግቶ ወረቀት ሰጥቶኛል። የኔም አልቋል፣ ያንተም አልቋል። የሚያቆይህ ሌላ ወርዋሪ እስኪያገኝ ነው። ልጄ፣ ሂድ። ሳይጥሉህ ጣላቸው።»

ብርዱ ከወንዙ ይነፍስ ነበር።

«ወረቀቱ እንዲህ ይላል?» አለኝ።

እኔም አዎ አልኩት።

ሚስ ቨርኒል ብዕሩን አቁማ እያየችኝ ነው። ምን ታይኛለሽ? ሊል የሚችለው ያንኑ ነው። ጻፊ። አዎ አልኩት ብለሽ ጻፊ።

ጨበጠኝ። «በዚህ ክለብ እውነት የነገረኝ እርስዎ ብቻ ነዎት» አለኝ። መኪናው ውስጥ ገብቶ ወዲያው አልሄደም፤ መሪውን ይዞ ተቀምጦ ነበር።

ትክክል ነው ያደረግሁት። አባት ለልጁ የሚያደርገው ነው።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 6

ፈረመ። ካሊፎርኒያ። በሬዲዮ ሰማሁት።

ስትሮድ ራሱ ዕቃ ቤቴ ድረስ መጣ። ኮት አልለበሰም። ባልዲዋ ላይ ተቀመጠ፤ የኮምብስ ባልዲ ላይ።

«ሉሽየስ፣ ኮምብስ መጥቶ ነበር?»

«መጥቶ ነበር።»

«ነገርከው?»

«ነገርኩት።»

«ነግረኸውም ሄደ?»

«ሄደ።»

ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። «እንግዲያው እኛን አልፈለገም ማለት ነው። አውቆ ነው የሄደው» አለ። ለራሱ ነው የሚያወራው። ተነስቶ ሄደ።

ተንኮለኛ ተዋናይ ነው። የጣለውን ሰው ያለቅስለታል። ግን ኮት አልለበሰም ነበር። ይህ ምን ማለት ነው? ተዋናይ ኮቱን አይረሳም።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 9

ጋዜጣው ስትሮድን ጠቅሶ ጽፏል፤ ሚስ ቨርኒል አነበበችልኝ። «ዴልበርት ኮምብስ ምን እንዳዘጋጀንለት ያውቅ ነበር። በሚያምነው ሰው በኩል እንዲነገረው አድርገናል። ጀርባውን ሰጥቶን ሄደ» ይላል።

በሚያምነው ሰው በኩል።

ፀጉር ቤት ኮምብስን እንደ ሌባ ይሰድቡታል። «የተራራ ሰው፣ ዘጠኝ ዓመት አብልተነው» ይላሉ። አንዱ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶውን ገልብጦ ሰቀለው። ፀጉሬን ሳልስተካከል ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 12

ቧንቧ መጣ። ሁለት መኪና ሙሉ ቀዳዳ ያለው የውኃ መውረጃ ቧንቧ። ለምንጣፍም ውኃ ይወርድለታል፤ ዝናብ ለሁሉም ይዘንባል።

ማሮታ ዛሬ ብቻውን መጣ፣ በቦት ጫማ። አጠገቤ ቆሞ ሲያፏጭ ቆየ።

«ሰውዬ» አለኝ፣ «በኖቬምበር ስመጣ ኳስ ስለቅ አይተኸኝ ነበር። ትራስ ላይ የወደቀች ነው የምትመስለው። ለስትሮድ ምን እንዳልኩት ታውቃለህ? ሣሩን የሚያጭደውን ሽማግሌና ያንን ወርዋሪ ካስቀራችሁልኝ እመጣለሁ አልኩት። አሁን ግማሹ ሄደብኝ።»

«አንተ ሯጭ ትወዳለህ ይላሉ» አልኩት።

«ያኔ የነበሩኝ ሯጮች ናቸዋ። ያለህን ነው የምትወደው።»

ውሸት ሊሆን ይችላል።

ውሸት ሊሆን ይችላል ብለሽ ሁለት ጊዜ ጻፊ።

እሑድ፣ ዲሴምበር 17

ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ዕቃ ቤት ሄጄ ቆርቆሮዋን ከፈትኩ። ፖስታው ላይ ዘር ተጣብቆ ነበር። አራግፌ ለሚስ ቨርኒል አመጣሁላት። «አንብቢው» አልኳት፤ «በዚያ በጸሎት ድምፅሽ አይሁን።» ቃሉን እንዳለ ደብተሩ ላይ ገልብጪው ብያታለሁ። እነሆ።

«ሉሽየስ፣ የውስጡን ሣር ንቀለው። ከሥሩ የውኃ መውረጃ እናስገባለን፤ በማርች አዲስ ሣር ይመጣል። ኮምብስን ለአራት ዓመት ላስፈርመው ነው። ክንዱ ብቻውን አያዘልቀውም፣ ያንተ ሣር ያስፈልገዋል፤ ማሮታም በዚህ ተስማምቷል። ባለቤቶቹ ዲሴምበር ስምንት እስኪሰበሰቡ ወረቀት ልሰጠው አልችልም፤ ጋዜጣ ላይ ከወጣ ይሰርዙብኛል። አንተን ያምንሃል። ወዳንተ ከመጣ፣ እስከ ስምንት ድረስ እንዲታገሥ ንገረው። የምትፈልገውን የሣር ዓይነትና ቁመት ንገረኝ፤ እንደ ቃልህ ይሆናል። ስትሮድ።»

ሁለት ጊዜ አስነበብኳት። ከዚያ ዲሴምበር ሦስት ያልኩትን አንብቢልኝ አልኳት። አነበበች። ከዚያ ኦክቶበር ሃያ አምስትን። ፀጉር ቤቱን። አነበበች። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም፣ ከፍም አላደረገች።

ስትጨርስ ባቄላ አቀረበችልኝ። አልበላሁም።

«ክሊተስ አልነበረም» አልኳት።

«አልነበረም።»

«አንቺም።»

«እኔ ከኬኩ ጋር የማወራው ስለ ኬኩ ነው» አለች። ከዚያ እጇን እጄ ላይ አደረገች። ይህን ባትጽፊውም ይሆናል።

ዛሬ ከሰዓት ኮምብስ ጋ አስደወልኳት። ልጆቹን ለገና ወደ ኬንታኪ፣ ወደ አባቱ ቤት ወስዷቸዋል። ስልኩን ይዤ ሁሉንም ነገርኩት፤ ወረቀቱን አለማንበቤን፣ ማንበብ አለመቻሌን፣ አዎ ማለቴን።

«ፈርሜያለሁ፣ ሚስተር ፔትዌይ» አለ። «አይመለስም።»

«አውቃለሁ።»

«ሰው ከዳ እያለኝ ነው። አባቴ ቡና ቤት መሄድ ትቷል።»

«እሱን እኔ አስተካክለዋለሁ።»

«እንዴት አድርገው?»

አሁንም ሚስተር ፔትዌይ ነው ያለኝ። ባይለኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 18

ጠዋት ነው። ሚስ ቨርኒል ኮቷን ለብሳ ቆማ ነው የምትጽፈው፤ አውቶቡሱ በሦስት ሰዓት ነው።

ደብተሩን ለስትሮድ ልሰጠው ነው። አብሬህ ልግባ ብላኛለች። አይሆንም፤ እስከ በሩ ብቻ። ደብተሩ ከዚህ ቤት አይወጣም ያልኩትን አትሰርዢው፤ ያልኩትን ብያለሁ። ስለ ስትሮድ ይሁዳ ያልኩትንም አትሰርዢ። ስለ ሳቅሽው፣ ስለ ሳህኑ፣ ሁሉም ይኑር። ሥራዬን ይነጥቀኝ ይሆናል። ይንጠቀኝ። የኮምብስን ስም ግን በሚቀጥለው ጋዜጣ ላይ ያጥበዋል፤ ሳያጥበው ከዚያ ቢሮ አልወጣም።

አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። የዲሴምበር ሦስትን ገጽ ጥጉን እጠፊልኝ፤ ወፈር አድርገሽ። መነጽሬን ረሳሁ አልለውም። በጣቴ ዳስሼ አገኘውና እከፍትለታለሁ።

እሱ ያነበዋል።